ለምሽቱ ክፍል ማን ይከፍላል?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ልጆቹ ደጅ መውጣት ስላልቻሉ እርስ በርስ ተናከሱ። አንዱ የአንዱን ጆሮ ነከሰ፣ ለሁለቱም እናቶች ደወልኩ። የነካሹ እናት ከተነካሹ እናት በላይ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ኩሽና ውስጥ ማፍሰስ ጀመረ። ባልዲ ደቀንኩ። ኦክላንድ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ዳይሬክተር ነኝ ስል ሰዎች ትልቅ ነገር ይመስላቸዋል... ባልዲ ደቃኝ ነኝ።

የቀን ልጆቹ ሲሄዱ የምሽቶቹ ቀሩ። ሰባት ናቸው። ወላጆቻቸው ሆስፒታል፣ ኤርፖርት፣ ታክሲ ላይ ናቸው። ሺፍታቸው እስኪያልቅ ልጆቹ እኛ ጋ እራት በልተው ይተኛሉ። የምሽቱ አስተማሪ እትዬ እጅጋየሁ የሁለት ዓመቷን ሐኒን ጀርባዋን እየመቱ ያስተኟታል። "ማሞቂያውን ልይ" ብዬ ገባሁ። ማሞቂያው ምንም አልሆነም። ትንሽ ተቀመጥኩ።

"አንተ ልጅ፣ ቤት የለህም እንዴ?" አሉኝ።

ቀልዳቸው ነው። አለኝ እኮ። ሄድኩ።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

የሚረዳን ፋውንዴሽን ደወለ።

የምታነጋግረኝ ሴትዮ ደግ ናት፤ ሁልጊዜ ጤናዬን ትጠይቃለች። ዛሬም ጠየቀች። ከዚያ አዲስ ስትራቴጂ አውጥተናል አለች። ለሦስት ዓመት የምሽቱን ክፍል ደግፎ ያቆመው የእርዳታ ገንዘብ፣ ግራንቱ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ያበቃል። አይታደስም።

"የምትሠሩት ሥራ በጣም ግሩም ነው፣ ባስልኤል።"

ግሩም ከሆነ ታዲያ...? አልጠየቅኳትም። አመሰገንኳት! ስልኩን ሳልዘጋ ደግሜ አመሰገንኳት።

ለጓሮ አትክልት ግን ገንዘብ አለ፣ ማመልከት ትችላላችሁ አለች። ልጆች ቲማቲም እንዲተክሉ። ጓሮ የለንም። ያለን ፓርኪንግ ነው።

እትዬ እጅጋየሁ ፊቴን አይተው "ምነው?" አሉ።

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

ከቦርሳቸው ቅርንፉድ አውጥተው ሰጡኝ። በደህናው ጥርሴ ነክሼው ዋልኩ።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

የቦርዳችን ሊቀመንበር ጉዲና ነው፤ በርክሌ ፋርማሲስት ነው። ደውዬ ነገርኩት።

"ለማንም እንዳትናገር" አለ። "ሠራተኞቹ ከሰሙ ይበተናሉ። ወላጆቹ ከሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ።"

"እስከ መቼ?"

"ገንዘብ እስክታገኝ።"

እስክታገኝ አለ። እስክናገኝ አላለም።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ስንት ሰው እንዴት ነህ አለኝ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማንንም አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባለቤቴ ተለይታኝ ዳላስ ከሄደች ወዲህ እሑድ ከሰዓት ትረዝማለች። ልጅ አልወለድንም። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሩዝ መቀቀል እስካሁን አልቻልኩበትም። ይተርፋል።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው፤ ምናልባት ያልታየኝ ነገር ካለ...

የቀኑ ክፍል እንደ ምንም ራሱን ይችላል። የአብዛኛውን ልጅ ክፍያ መንግሥት በቫውቸር ይከፍላል፤ ያውም ወሩ ካለቀ በኋላ። የቀረውን ወላጅ እንደ ገቢው ይጨምራል። የወተትና የፍራፍሬውን ወጪ ሌላ የመንግሥት ፕሮግራም ይተካልናል። በዓመት አንዴ እራት አዘጋጅተን ትኬት እንሸጣለን። ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል... ያ ገንዘብ ጣሪያውን እንኳ አልደፈነም።

ምሽቱ ግን ሌላ ነው። ቫውቸሩ የሚታሰበው በልጅ ቁጥር ነው። ደንቡ ደግሞ ልጆቹ ጥቂት ቢሆኑም ሁለት ትልቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር ይላል። ልክ ነው፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲወስድ ሌላው ማን ያያል? የሰባት ልጅ ክፍያ ለእትዬ እጅጋየሁ ይበቃል። ለረዳታቸው ለፀደይ አይበቃም። የፀደይን ደሞዝ ሲከፍል የኖረው ፋውንዴሽኑ ነው።

አዲስ ነገር አልታየኝም። ለሦስት ፋውንዴሽን ጽፌያለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይጠይቃሉ፦ "አዲስ የምትጀምሩት ፕሮግራም ምንድን ነው?" የተጀመረውን ማስቀጠል የሚባል ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ኩፐርቲኖ። ጋሽ ሰረቀብርሃን ቤት።

ከትልቅ ኩባንያ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው፤ ለጋስ ናቸው ብሎ ጉዲና ነው የላከኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ካልሲዬ ተቀዶ ነበር። በአንዱ እግሬ ሌላውን ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

በደንብ አዳመጡኝ። ስጨርስ ዓይናቸው በራ።

"መጫወቻ ቦታ ልሥራላችሁ። በእናቴ ስም። መንሸራተቻው፣ ዥዋዥዌው፣ ሁሉም ነገር አዲስ። ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ እናቆማለን።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ግን አሁን የቸገረን የአስተማሪ ደሞዝ ነው።"

"ደሞዝ?" ፊታቸው ቀዘቀዘ። "ደሞዝ እኮ ተበልቶ ያልቃል፣ ባስልኤል። ለልጆቼ ምኑን ላሳያቸው?"

ክፉ ሰው አይደሉም። ስለ እናታቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ተሰበረ። እናታቸው አዲስ አበባ ሰው ቤት የሰው ልጅ እያሳደጉ ነው እሳቸውን ያስተማሯቸው። በር ድረስ ሸኙኝ፣ ብርቱካን በከረጢት ሰጡኝ።

መኪና ውስጥ ነው የገባኝ። የእኚያ እናት ደሞዝ ተበልቶ አለቀ? ይኸው እሳቸው ራሳቸው... ለምን ያኔ አልመጣልኝም? ቢመጣልኝስ እለው ነበር?

በዚያው ሳን ሆዜ ያለምዘውድ ጋ ጎራ አልኩ። እሷም እንደኛ ያለ ማቆያ ዳይሬክተር ናት፤ ስልጠና ላይ ነው የተዋወቅነው። ቅዳሜ ስለሆነ ልጅ የለም። ሱሪዋን ጠቅልላ ግድግዳ ትቀባለች። ብሩሽ ሰጠችኝ። ሳታየኝ ስለሆነ መሰለኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከጉዲና ሌላ የነገርኩት የመጀመሪያ ሰው።

"ወላጆቹ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። ቦርዱ አትንገር ብሎኛል።"

መቀባቷን አቆመች። "እኔም አልተናገርኩም ነበር። አምና የጨቅላዎቹን ክፍል ስዘጋ ወላጆቹ በር ላይ ነው የሰሙት። 'ቆይ፣ እናንተ ቀድማችሁ ታውቁ ነበር?' ብለው አፈጠጡብኝ። እዚሁ ሰፈር አሉ፤ ሱቅ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።"

"ብትነግሪያቸው ምን ይለወጥ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አልነገርኳቸውም።"

ብርቱካኑን ተካፍለን በላን። ስመለስ ፍሪሞንት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሬዲዮ አልከፈትኩም።


ቅዳሜ፣ ማርች 1

ልነግራቸው ነው አልኩት ጉዲናን። "የራስህ ጉዳይ" ብሎ ዘጋው።


ዓርብ፣ ማርች 7

ነገርኳቸው።

ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ትንሽ ቆዩ ብዬ። እነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እየደረሰ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ የተኛ ልጅ ታቅፈዋል። ፀደይና እትዬ እጅጋየሁም ነበሩ። በወረቀት የጻፍኩት ነበር፤ ትቼው እንደመጣልኝ ተናገርኩ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የቱ እንደሚቋረጥ፣ ከጁን በኋላ ክፍሉ እንደማይቀጥል።

መጀመሪያ የተናገረችው የሐኒ እናት ነጃት ናት። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ በርክሌ፤ በሽተኛ ታመላልሳለች። ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ስለመጣች ገና የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። የረመዳን ጾም ላይ ናት።

"መቼ ነው የሰማኸው?"

"ከወር በፊት።"

"ከወር በፊት።" ድምጿን አላነሳችም፤ ልጅ አቅፋለች። "ባለፈው ሳምንት የቀን ሺፍት ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅኩት። ልጄ እዚህ ለምዳለች፣ እጅጋየሁን ትወዳለች፣ ምን አስቸገረኝ ብዬ ተውኩት። ለሌላ ሰው ሰጡት።"

ወረቀቴን አጣጠፍኩ።

"ብትነግረኝ እኮ..." አለች። አልጨረሰችውም።

ይቅርታ አልኳት። ሐኒን ኮቷ ውስጥ ከታ ወጣች። እትዬ እጅጋየሁ ወንበሮቹን እየደራረቡ ነበር። "እኔንም ጥርሴን አልከኝ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።


ቅዳሜ፣ ማርች 8

ነጃት እውነቷን ነው። ከአልጋ ሳልወርድ ዋልኩ።


ረቡዕ፣ ማርች 19

ያልጠበቅኩት ነገር።

ነጃት ሐኒን ልትወስድ ስትመጣ ቢሮዬ ገባች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። እስካሁን አላፈጠረችም ነበር፤ ቆማ ከኪሷ ቴምር አውጥታ በላች። አንድ ለእኔ ዘረጋች።

"እናንተም ጾም ላይ ናችሁ አይደል? ይሄ ይፈቀዳል።"

ተቀበልኩ።

"የሠራተኛ ማኅበራችን፣ ዩኒየኑ፣ የልጅ ማቆያ ፈንድ አለው" አለች። "ኮንትራቱ ላይ አለ። ሰው ስለማይጠይቅ ተቀምጧል። ከዚህ ክፍል ሦስታችን ሆስፒታል ነን። ተወካያችንን አነጋገርኩት። ለሦስቱ ልጆች ቦታ ከቫውቸሩ የሚበልጥ ከፍለው በዓመት ኮንትራት ሊገዙልን ይችላሉ። ፈቃድህንና ኢንሹራንስህን ማየት ይፈልጋሉ። ነገ ኮል አድርግለት።"

"ነጃት... እኔ ላይ ተቆጥተሽ አልነበር?"

"አሁንም ተቆጥቻለሁ" አለች። "ይሄ ስለ አንተ አይደለም።"

ቴምሩ አፌ ውስጥ እንዳለ ሄደች። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከእኔ በቀር ማንንም የማያሳስብ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ለካ አውቶቡስ ላይ፣ በእረፍቷ ሰዓት፣ ስታስበው ነበር።


ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ዩኒየኑ እሺ አለ። ለአንድ ዓመት።

ደስ ብሎኝ ለማን ልደውል ብዬ ስልኩን ያዝኩ... ለጉዲና ደወልኩ። "ይበቃል?" አለ። አይበቃም። ቀዳዳው ጠበበ እንጂ አልተደፈነም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀደይ መጣች። ፍሪሞንት ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች። "ጋሽ ባሲ፣ ጁን ላይ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም። ኪራይ አለብኝ።" እያለቀሰች ነው። አይዞሽ አልኳት፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አልኳት።

ማታ ጉዲና መልእክት ላከ፦ "አላልኩህም?"

ብሏል። እሱም እውነቱን ነው።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ያለምዘውድ ደወለች። የእሷ ቦርድ ወጪ አልቻልንም፣ ቢሮውን ከሌላ ማቆያ ጋር እንጋራ እያለ ነው። አንድ ዳይሬክተር፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት ማቆያ። ሳን ሆዜና ኦክላንድ።

"ዳይሬክተሩ ማን ይሁን?" አልኳት።

"አንተ ሁን። እኔ ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል።"

ሁለታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ እዚህ ኦክላንድ ያለውን ሐይቅ ስዞር ዋልኩ። የፀደይ ቦታ ክፍት ነው። ለዳይሬክተርነት ብዬ ኮሌጅ የወሰድኳቸው ክላሶች ለአስተማሪነት ይበቃሉ። የእኔ የዳይሬክተር ደሞዝ ቢቀር፣ ከያለምዘውድ ደሞዝ ድርሻችንን ከፍለን፣ የአስተማሪ ደሞዝ ለእኔ... ይደርሳል። ዓርብ ምሽትን ብንዘጋ ይደርሳል።

እንደ መሥዋዕትነት ልጽፈው ፈለግኩ። አይደለም። ስልክ እያነሳሁ "አመሰግናለሁ" ማለት ታከተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ልጆች ጻፍኩ፤ ስንቱን ልጅ አቅፌያለሁ?

ለያለምዘውድ መልሼ ደውዬ "አንቺ ሁኚ፣ እኔ የምሽቱን ክፍል እይዛለሁ" አልኳት። እያጉረመረመች እሺ አለች።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

የቦርድ ስብሰባ። የጉዲና ፊት በንዴት ቀላ።

"ዳይሬክተር የነበረ ሰው ዳይፐር ሊቀይር? ሰው ምን ይላል?"

"ማን ሊቀይረው ነበር፣ ጉዲና?"

"ሴት አስተማሪ እንቀጥራለን።"

"በምን?"

አንዷ የቦርድ አባል፣ ወላጆቹ ወንድ አስተማሪ ማታ ከልጆቻቸው ጋር ሲሆን ምን ይሰማቸዋል ብላ ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወላጆቹን ጠይቋቸው፣ አንድ ሰው እንኳ ካልፈለገ እተወዋለሁ አልኩ። እዚያው በስልክ ጠየቋቸው፣ ተራ በተራ፣ እኔን አስወጥተው። ምን እንዳሉ አልነገሩኝም። ብቻ አለፈ።

ጉዲና ጨበጠኝ። ዓይኔን ግን አላየም።


ዓርብ፣ ሜይ 16

ታክሲ የሚነዳው አባት ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ሳክራሜንቶ ሊገባ ነው። ኪራይ አልቻለም። "ዓርብ ማታ ከተዘጋ ደግሞ ለእኔ ዋናው ሥራ ዓርብ ነው" አለ። አልወቀሰኝም። ልጆቹ ግድግዳው ላይ የሣሉትን ሥዕል ይውሰዱት ብዬ ሳላቅቀው ሙጫው ቀደደው።

አምስት ቀሩ። ቢያንስ አዲስ አንድ ማግኘት አለብን።


ዓርብ፣ ጁን 27

ቢሮዬን አስረከብኩ። ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ ባዶ ኪሴን ስዳብስ ዋልኩ።

ሁሉም ሰው ጥሩ ነገር ተናገረ። ኬክ ነበር። ቤት ስገባ ዝም ያለ ነው። ትክክል ሠርቻለሁ ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው እንኳ ቢኖር...


ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

የመጀመሪያው ምሽት።

ሐኒ አልፈለገችኝም። ገና ሳያት "ኖ!" ብላ እትዬ እጅጋየሁ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ሾርባ ሳቀርብላት ገፋችው። ሱሪዬ ላይ። ሌላው ልጅ ዳይፐሩን ወደ ኋላ አስሬለት ነበር፤ እትዬ እጅጋየሁ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ዲግሪህ የታለ?" አሉኝ።

የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። ወገቤ ተሰበረ። ነጃት መጥታ "እንዴት ነበራችሁ?" ስትል ልጇን አይታ እኔን አየች፣ ሱሪዬን አየች። ሳቋን ዋጠችው።

ከማርች ወዲህ ፊቷ ሲፈታልኝ የመጀመሪያው ነው።


ረቡዕ፣ ጁላይ 9

አንድ አዲስ ልጅ ተመዘገበ። ስድስት ሆንን። ሐኒ ዛሬ ጫማዋን እንዳስርላት እግሯን ዘረጋች፤ ፊቷን ግን አዞረች።


ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ያለምዘውድ ወደ እኛ የምትመጣው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ዛሬ ከሥራ ሰዓቴ ቀደም ብዬ ገብቼ ነበር። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ስልክ ላይ ናት። "ቴንክ ዩ... ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ" ትላለች። ስልኩን አስቀመጠችና ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

አልፌ ሄድኩ። ኮቴን ሰቀልኩ። ተመልሼ መጣሁ።

"ምን ተባልሽ?"

"ኧረ ምንም። ደህና ነኝ።" ወረቀት አነሳች። "ልጆቹ አይጠብቁህም?"

"ገና ነው።"

ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ታነባለች፤ ገጹን ግን አትገልጥም። ውጭ ልጆቹ ባልዲ ሲደበድቡ ይሰማል። ልሂድ እንዴ? አስቸገርኳት ይሆን? አልሄድኩም።

"ሳን ሆዜ ነው" አለች መጨረሻ ላይ። "የሕንፃው ባለቤት። ኮንትራቱን አላድስም አለ። እስከ ዲሴምበር ውጡ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ላንተ። አሁን።"

መፍትሔ የለኝም አልኳት። እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትንሽ አለቀሰች፤ ጸጥ ብላ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። ሶፍት ስፈልግ ያገኘሁት የሕፃናት መጥረጊያ ነበር፤ ሰጠኋት። ስታየው ሳቀች።

"ለወላጆቹ መንገር አለብኝ" አለች። "አምና እንዴት እንዳዩኝ... ደግሜ እዚያ መሃል ብቻዬን መቆም አልችልም፣ ባስልኤል።"

"መቼ ትነግሪያቸዋለሽ?"

"ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ሲያመጡ።"

"ጠዋት ሥራ የለኝም። እመጣለሁ።"

"ሳን ሆዜ ድረስ? መኪናህ ጋራዥ አይደል?"

"ባቡር አለ።"

ተከራከረችኝ። አይሆንም አለች፣ እንቅልፍህ አለች፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለች። እሺ አላልኳትም። ሰዓቴ ደርሶ ወደ ክፍሌ ስገባ እትዬ እጅጋየሁ "ምን ሆናችሁ?" አሉ። ያለምዘውድ ራሷ ከኋላዬ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ነገረቻቸው።

የሰኞ የባቡር ሰዓት አየሁ። የመጀመሪያውን እይዛለሁ።